የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቁጥጥር ክፍሉ አየር ማጣሪያ ሲጓደል ለኒውክሌር ማመንጫ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ አሜሪካ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች ሳነብ፣ የአገሪቱ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን አንዳንድ ማመንጫዎች የቁጥጥር ክፍላቸውን የአየር ማጣሪያ በሚመለከት ከቀድሞው ግዴታ የቀለለ እንዲፈጽሙ፣ ወይም ጉድለቱን ለመጠገን ረዘም ያለ ጊዜ እንዲያገኙ እንደሚፈቅድ ተረዳሁ። የደኅንነት ደንብ የሚወጣው እንዲከበር ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ራሱ እፎይታ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎችስ ምን ዋስትና አላቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ እፎይታው ተገቢ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው ደንቡ ማንን ለመጠበቅ እንደወጣ ሲታወቅ ስለሆነ፣ ከሕጉ በፊት ስለ ክፍሉና ስለ አየሩ ጥቂት ልበል።

በሬአክተር ላይ አደጋ ሲደርስ ነዋሪው ከአካባቢው ይርቃል፤ የጥገና ሠራተኛውም እየተፈራረቀ ይወጣል። የቁጥጥር ክፍሉ ባልደረባ ግን ፓምፖቹን፣ ቫልቮቹንና የማቀዝቀዣ ውኃውን የሚያዝዘው እሱ ስለሆነ ቦታውን ጥሎ መሄድ አይችልም። እሱ ከታመመ ወይም ከሸሸ ሌላው መከላከያ ሁሉ አዛዥ ያጣል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ሕግ ለማመንጫዎች ካስቀመጣቸው አጠቃላይ የንድፍ መስፈርቶች 19ኛው፣ በአደጋ ወቅት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው አደጋው እስኪያበቃ ድረስ የሚደርስበት ጨረራ ከ5 ሬም፣ ማለትም ከ50 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ያዝዛል። አንድ የጨረራ ሠራተኛ በአዘቦት ጊዜ በዓመት እንዲቀበል የሚፈቀድለት ጣሪያም በዚያ አገር ይኸው 50 ሚሊሲቨርት ነው። ስሌቱ አደጋው 30 ቀን እንደሚዘልቅ ይወስዳል፤ ሠራተኛውም የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ፣ ከዚያ እስከ 4ኛው ቀን የጊዜውን 60 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 40 በመቶውን ክፍሉ ውስጥ እንደሚያሳልፍ ተደርጎ ይሰላል።

ይህን ጣሪያ ለመጠበቅ በብዙ ማመንጫዎች የሚሠራበት ዘዴ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። የጨረራ ምልክት ሲሰማ የተለመደው የአየር መግቢያ ይዘጋል፤ ከውጭ የሚገባው አየር በማጣሪያ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የክፍሉም ግፊት ከአጎራባች ክፍሎች በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህም አየሩ በስንጥቅ በኩል ከመግባት ይልቅ እንዲወጣ ነው። የግፊቱ ልዩነት በብዙ ቦታ የኢንች ስምንተኛ የውኃ ከፍታ የሚያህል፣ ማለትም ወደ 31 ፓስካል ግድም ነው። ከማጣሪያዎቹ አንዱ ሄፓ የሚባለው ሲሆን፣ ስፋታቸው 0.3 ማይክሮን የሆኑ ብናኞችን ቢያንስ 99.97 በመቶ ያህል ይይዛል። ሌላው በኬሚካል የተነከረ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባል ከሰል ሲሆን፣ ሥራው በጋዝ መልክ የሚመጣውን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ማስቀረት ነው። ዜኖንና ክሪፕቶንን የመሳሰሉ ጋዞችን ግን ሁለቱም በተግባር አያስቆሟቸውም። ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ታስቦ ነው።

አሁን ወደ እፎይታው ልምጣ። እያንዳንዱ ማመንጫ ከፈቃዱ ጋር አብሮ የሚሄድ ቴክኒካል ስፔሲፊኬሽን የሚባል የአሠራር ገደቦች ሰነድ አለው። ሰነዱ መሣሪያ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግና በስንት ጊዜ እንደሚጠገን በሰዓትና በቀን ይቆጥራል። በተለመደው አቀራረቡ፣ ከሁለቱ የማጣሪያ መስመሮች አንዱ ሲበላሽ ለመጠገን 7 ቀን ይሰጣል፤ ቀኑ ካለፈ ሬአክተሩ መቆም አለበት። የተበላሸው የማጣሪያ መስመር ሳይሆን የክፍሉ ግድግዳ፣ በር ወይም የቱቦ መገጣጠሚያ ሲሆን ግን ሁለቱም መስመሮች ባንድ ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይባላሉ፤ ማጣሪያው የቱንም ያህል ቢሠራ ያልተጣራ አየር በጎን ይገባልና። ለዚህ ሁኔታ ቀድሞ የተሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ነበር። በ2007 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሚሽኑ ባጸደቀው የናሙና ማሻሻያ መሠረት፣ ማሻሻያውን የተቀበሉ ማመንጫዎች የክፍሉን ዙሪያ ለመጠገን እስከ 90 ቀን ያገኛሉ።

ከ24 ሰዓት ወደ 90 ቀን መዝለል ብቻውን ሲነበብ ያስደነግጣል፤ እኔንም አስደንግጦኝ ነበር። ሆኖም ማሻሻያው ቀኑን ብቻ አልጨመረም። ጉድለቱ እንደታወቀ ማካካሻ እርምጃ ወዲያውኑ መጀመር አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥም እርምጃው ሠራተኞቹን ከጨረራ፣ ከመርዛማ ኬሚካልና ከጭስ በተቀመጠው ገደብ ውስጥ እንደሚጠብቅ መረጋገጥ አለበት። ከዚህም ጋር ማመንጫው የክፍሉን ጥብቀት በየጊዜው የሚለካበት ቋሚ ፕሮግራም እንዲኖረው ግዴታ ተጥሎበታል። ስለዚህ እፎይታው አዲስ ግዴታ አስከትሎ የመጣ ነው፤ ቀድሞ በ24 ሰዓት ይጠገን የሚል ሕግ የነበረው፣ ክፍሉ በእርግጥ ምን ያህል አየር እንደሚያስገባ ብዙዎቹ ማመንጫዎች ለክተው በማያውቁበት ዘመን ነበር።

ተቆጣጣሪው ጊዜ የሚሰጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ሬአክተርን ማቆም ራሱ ከአደጋ ነፃ የሆነ ሥራ አይደለም፤ ኃይሉ ሲቀንስ፣ ቫልቮች ሲዘጉና ሲከፈቱ፣ ሥርዓቶች ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሲሸጋገሩ የስህተትና የብልሽት ዕድል ይኖራል። የአንድ በር ማሸጊያ ጎማ ስለላላ ብቻ ሙሉ ማመንጫን በጥድፊያ ማቆም ደኅንነትን የሚጨምር ላይሆን ይችላል። ይህ ክርክር ውኃ የሚያነሣ ነው። ነገር ግን ለማንኛውም ጉድለት የሚበቃ ክርክር ስለሆነ፣ ባለፈቃዱ ባነሣው ቁጥር በተለየ ጥንቃቄ መመርመር ያለበትም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከላይ ላለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ክፍሉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ በማወቅ ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል። አየር አይታይም። የማይታየውን ስንጥቅ በምን ይለኩታል? ልኬቱስ ይታመናል?

መልስ፦ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መልስ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ።

በአሜሪካ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ማመንጫ በመጋቢት 1979 የደረሰውን አደጋ ተከትሎ፣ ማመንጫዎች የቁጥጥር ክፍላቸው በአደጋ ጊዜ ለሰው የሚመች መሆኑን እንዲያሳዩ ታዘዙ። ትእዛዙ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ በዚያው አደጋ የ2ኛው ሬአክተር ኦፕሬተሮች የክፍላቸው አየር ስለተበከለ ጭንብል ለማጥለቅ ተገደው ነበርና። ማመንጫዎቹ ለትእዛዙ ስሌት አቀረቡ። በስሌቶቹ ውስጥ ያልተጣራ አየር በደቂቃ ምን ያህል እንደሚገባ የሚገልጽ ቁጥር አለ፤ ይህ ቁጥር ግን በአብዛኛው በግምት የተቀመጠ ነበር። አንዳንዱ ማመንጫ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከሚገባው ጥቂት አየር በቀር ሌላ የለም ብሎ ወሰደ። ማረጋገጫ ሆኖ የሚያገለግለው ደግሞ የግፊት ልዩነት ሙከራ ነበር፤ ክፍሉ ከአጎራባቹ ከፍ ያለ ግፊት ካሳየ፣ አየር ይወጣል እንጂ አይገባም ተብሎ ይደመደማል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። የክፍሉ ግፊት ከኮሪደሩ ከፍ ቢልም፣ ክፍሉን አቋርጦ የሚያልፍ የሌላ ሥርዓት የአየር ቱቦ ከክፍሉ የበለጠ ግፊት ሊኖረው፣ በመገጣጠሚያውም በኩል ያልተጣራ አየር ሊተፋ ይችላል። የራሱ የማጣሪያ ሥርዓት ማራገቢያም አየር በሚስብበት በኩል ያለው ቱቦ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ቱቦው ከክፍሉ ውጭ ባለ ስፍራ ስንጥቅ ካለው የተበከለ አየር ከማጣሪያው በኋላ ስቦ ያስገባል። የግፊት መለኪያው ይህን ሁሉ አያይም፤ የተጨመረ አየር ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው እንዲያውም ጥሩ ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

ትክክለኛው ልኬት የሚሠራው በጠቋሚ ጋዝ ነው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባለውን፣ በተፈጥሮ አየር ውስጥ እጅግ ጥቂት ብቻ የሚገኘውንና በትንሹም ቢሆን በመሣሪያ የሚለየውን ጋዝ ወደ ክፍሉ ይለቃሉ። ከአየሩ ጋር በሚገባ ከተደባለቀ በኋላ መጠኑ በሰዓታት ውስጥ እንዴት እንደሚቀንስ ይለካሉ፤ ወይም ጋዙን ባልተቋረጠ መጠን እየለቀቁ ክምችቱ የት ላይ እንደሚረጋ ያያሉ። ከዚህ ወደ ክፍሉ የሚገባው ጠቅላላ አየር ይሰላል። ከጠቅላላው ላይ በማጣሪያ በኩል መግባቱ የታወቀው ሲቀነስ፣ የሚተርፈው ማንም ያልጋበዘው አየር ነው።

በሰኔ 2003 ኮሚሽኑ ለሁሉም ማመንጫዎች በላከው አጠቃላይ ደብዳቤ ላይ የተገለጸው ውጤት ይህን ጉዳይ ለሚከታተል ሁሉ የማይረሳ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከማመንጫዎቹ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በጠቋሚ ጋዝ ተለክተው ነበር። ከአንዱ በቀር በሁሉም የተለካው አየር በስሌታቸው ከገመቱት በልጦ ተገኘ፤ በአንዳንዱም ብልጫው እጅግ ብዙ እጥፍ ነበር። እነዚህ ክፍሎች የግፊት ሙከራቸውን ለዓመታት ሲያልፉ የኖሩ ነበሩ።

ትንሽ ስንጥቅ ይህን ያህል ለምን እንደሚያስጨንቅ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት በምሳሌነት እንውሰድ። በደቂቃ 30 ኪዩቢክ ሜትር አየር 99 በመቶ በሚይዝ ማጣሪያ በኩል ቢገባ፣ የሚያመልጠው አዮዲን በ0.3 ኪዩቢክ ሜትር ያልተጣራ አየር ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ስለዚህ በስንጥቅ በኩል በደቂቃ ሌላ 0.3 ኪዩቢክ ሜትር ቢገባ፣ ከጠቅላላው አየር መቶኛው ብቻ ሆኖ ሳለ የሚገባውን አዮዲን በእጥፍ ያሳድገዋል። ማጣሪያውን ከ99 ወደ 99.9 በመቶ ማሻሻል ይህን ስንጥቅ ምንም አይጠቅመውም።

የ2003 ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ብዙ ማመንጫዎች ስንጥቃቸውን ደፈኑ፣ የቱቦ መገጣጠሚያቸውን አሸጉ፣ የበር ጎማ ቀየሩ። ሌሎች ደግሞ ስሌቱን እንደገና ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው የእፎይታ ዓይነት ይህ ስለሆነ ምንነቱን ማስረዳት ይገባል። የቀድሞው ስሌት በ1962 በወጣ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የአደጋው ጨረራ አመንጪ ቁስ በቅጽበት እንደሚለቀቅና አዮዲኑም በአብዛኛው፣ 91 በመቶው፣ በጋዝ መልክ እንደሚሆን ይወስድ ነበር። የኋላ ምርምር ግን አብዛኛው አዮዲን ከሲዚየም ጋር ተዋሕዶ በብናኝ መልክ እንደሚወጣ፣ አወጣጡም በሰዓታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንደሆነ አሳየ። በታኅሣሥ 1999 የወጣው ደንብ ማመንጫዎች በዚህ አዲስ ግምት እንዲሰሉ ፈቀደላቸው፤ በአዲሱ ግምት 95 በመቶው አዮዲን ብናኝ ነው። ብናኝ ይረግፋል፣ በውኃ ርጭትም ይታጠባል። ስለዚህ በስሌቱ ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ጨረራ ይቀንሳል፤ በ5 ሬም ጣሪያ ሥር ሰፋ ያለ ስንጥቅ መሸከም ይቻላል ማለት ነው።

እኔ ይህን ዓይነቱን እፎይታ አልቃወምም፤ ሳይንሱ ተሻሽሏልና ደንቡ ባረጀ ግምት ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም። የምጨነቀው በቅደም ተከተሉ ነው። ክፍሉ በጠቋሚ ጋዝ ተለክቶ፣ የሚደፈነው ተደፍኖ፣ የቀረው በአዲሱ ስሌት ከተሸፈነ ጥሩ ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያስገኘው ትርፍ ያልተለካን ስንጥቅ እንዲሸፍን ከተደረገ ግን፣ ወደ 1980ዎቹ ግምት በሌላ በር ተመለስን ማለት ነው። ዛሬ የተለመደው ፕሮግራም በየ6 ዓመቱ ልኬት፣ በመካከሉ በ3ኛው ዓመት የክፍሉን ሁኔታ መገምገም ይጠይቃል። 6 ዓመት ረጅም ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሮች ይላላሉ፣ አዲስ ሽቦ ለማሳለፍ ግድግዳ ይበሳል። ስለዚህ የልኬቱን ቀን የማራዘም ጥያቄ ከሁሉም እፎይታ ይልቅ እኔን ያሳስበኛል።

ተገቢ ነው የምለውን እፎይታ ደግሞ ሳልጠቅስ ብቀር ሚዛናዊ አልሆንም። ቀድሞ ማጣሪያዎቹ በየወሩ ለ10 ሰዓት ከማሞቂያቸው ጋር እንዲሠሩ ይጠየቅ ነበር፤ ዓላማው ከሰሉን ማድረቅ ነበር። በሰኔ 1999 የወጣ ሌላ አጠቃላይ ደብዳቤ ግን የከሰሉ ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስና ማሞቂያ ለሌለው ሥርዓት በ95 በመቶ የአየር እርጥበት እንዲፈተን አደረገ። በዚያ እርጥበት አዮዲን መያዙ የተረጋገጠ ከሰልን በየወሩ 10 ሰዓት ማድረቅ ትርፉ ትንሽ ነው፤ በ2012 የጸደቀው ማሻሻያም ጊዜውን ወደ 15 ተከታታይ ደቂቃ አወረደው። እዚህ ላይ የቀለለው ግዴታ በተሻለ ፈተና ተተክቷል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ደኅንነት ሠራተኛ ነኝ። ማካካሻ እርምጃ ሲባል የመተንፈሻ መሣሪያና የፖታሺየም አዮዳይድ እንክብል ማለት እንደሆነ ሰማሁ። እነዚህ ካሉ የክፍሉ አየር ቢበከልስ ሠራተኛው አይድንም?

መልስ፦ ለአጭር ጊዜ ያግዛሉ፤ ማጣሪያውን ግን አይተኩም። በሙያዎ እንደሚያውቁት ሰውን ከማስታጠቅ በፊት አየሩን ማጽዳት ይቀድማል።

እንክብሉ የሚጠብቀው የእንቅርት ዕጢን ብቻ፣ ያውም ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ነው፤ በሲዚየምም ሆነ በዜኖን ላይ ምንም ኃይል የለውም። በጀርባ የሚታዘል የአየር ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ወይም ለ60 ደቂቃ ይበቃል፤ የአደጋው ስሌት ደግሞ 30 ቀን ነው። ጢም ያለው ሰው ጭንብሉ ፊቱ ላይ በሚገባ አይገጥምለትም፤ መነጽር የሚያደርግም ለጭንብሉ የተሠራ ልዩ መነጽር ከሌለው መለኪያዎቹን ማንበብ ይቸገራል። ከሁሉም በላይ ጭንብል ንግግርን ያፍናል። በስሪ ማይል አይላንድ ሥራውን ይመሩ የነበሩት ሰዎች ጭንብል ካጠለቁ በኋላ እርስ በርስ መደማመጥ እንደከበዳቸው ጉዳዩን የመረመረው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን መዝግቧል። ትእዛዝ በቃል በሚተላለፍበትና የሰማው ሰው ደግሞ በሚያረጋግጥበት ክፍል ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በመጋቢት 2011 በጃፓኑ የፉኩሺማ ዳይቺ ማመንጫ የሆነው ደግሞ ጭንብሉና እንክብሉ ብቻቸውን የመጨረሻ መከላከያ ሲሆኑ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የቁጥጥር ክፍሎቹ የአየር ማጽጃም አብሮ ቆመ። የ3ኛውና የ4ኛው ሬአክተር የጋራ ቁጥጥር ክፍል ሁለት ኦፕሬተሮች እያንዳንዳቸው ከ600 ሚሊሲቨርት በላይ ጨረራ ተቀበሉ፤ አብዛኛው በመተንፈስ ወደ ሰውነታቸው ከገባ አዮዲን የመጣ ነው። ይህ ለአሜሪካ የቁጥጥር ክፍል ከተቀመጠው ጣሪያ ከ12 እጥፍ በላይ፣ ጃፓን ለዚያ አደጋ ብላ ከፍ ካደረገችው የ250 ሚሊሲቨርት ጣሪያም ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ባለፈቃድ ለ90 ቀን በማካካሻ እርምጃ እቆያለሁ ሲል፣ ጠርሙሶቹ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደሚሞሉ፣ በየፈረቃው ያሉት ሰዎች ሁሉ ጭንብል ልካቸው መሆኑ ተፈትኖ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ማመንጫ እንዲህ ያለ እፎይታ ሲጠይቅ ተራው ሰው ያውቃል ወይ? መቃወምስ ይችላል?

መልስ፦ እንደ እፎይታው ዓይነት ይለያያል። የፈቃድ ማሻሻያ ከሆነ፣ ጥያቄው በፌዴራሉ መንግሥት የማስታወቂያ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ በተለመደው አሠራር ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት 30 ቀን፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ችሎት እንዲታይለት የሚጠይቅበት ደግሞ 60 ቀን አለው። ኮሚሽኑ ለውጡ ቀድሞ የታሰበን አደጋ የመድረስ ዕድል ወይም ጉዳት በጉልህ ይጨምር እንደሆነ፣ አዲስ ዓይነት አደጋ ይፈጥር እንደሆነና የደኅንነቱን ትርፍ በጉልህ ይቀንስ እንደሆነ ይመረምራል፤ ለሦስቱም መልሱ «አይደለም» ከሆነ ችሎቱ ሳያልቅ ማሻሻያውን ማጽደቅ ይችላል። ከደንብ ነፃ መደረግ ሌላ መንገድ ሲሆን፣ ልዩ ሁኔታ መኖሩንና በሕዝብ ጤና ላይ ያልተገባ ሥጋት አለመኖሩን ማሳየት ይጠይቃል። ሦስተኛው፣ ኮሚሽኑ ለተወሰነ ሰዓት ወይም ቀን ደንቡን ከማስፈጸም የሚታቀብበት ውሳኔ፣ የሚሰጠው በጥድፊያ ስለሆነ ሕዝቡ የሚያውቀው ከተሰጠ በኋላ ነው።

ማመልከቻዎቹ ረጅምና አሰልቺ ናቸው፤ ሆኖም ለሕዝብ ክፍት ከሆነው ክፍላቸው አንድ ነገር ብቻ ማየት የሚችል ሰው የመጨረሻው የጠቋሚ ጋዝ ልኬት የተካሄደበትን ቀንና የተገኘውን ቁጥር ይፈልግ፤ ከዚያም በጨረራ ስሌቱ ውስጥ ከገባው ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጠው።